የዱፓርክ «የጉዞ ግብዣ» በዤራር ሱዜ ድምፅ፦ ይህ ሲዲ ይገዛል?

ይገዛል። ለቸኮለ አንባቢ መልሱን አስቀድሜ ሰጠሁ። ሲዲው ፈረንሳዊው ዘፋኝ ዤራር ሱዜ የዘፈነው፣ ዳልተን ባልድዊን ፒያኖ የተጫወተበት፣ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የአንሪ ዱፓርክ ዘፈኖች ስብስብ ነው። ሁለቱ ለፊሊፕስ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀርጸውት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኋላ በሲዲ የወጣ ሥራ ነው። እኔ ያገለገለውን ፓሪስ ውስጥ ከ10 ዩሮ ባነሰ ገዛሁት። ዘፈኖቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ የሱዜም ድምፅ በሁሉም ላይ እኩል አልተመቸኝም። አንደኛዋ ዘፈን ብቻዋን ብትሆን እንኳ ግን ገንዘቤን አልቆጭበትም ነበር።

ስሟ «ላንቪታሲዮን ኦ ቮያዥ» ይባላል፤ እዚህ «የጉዞ ግብዣ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ርዝመቷ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ግጥሙ የሻርል ቦድሌር፣ ዜማው የዱፓርክ ነው። ይህ ግምገማ ከግማሽ በላይ ስለ እሷ ነው፤ የቀሩትን በኋላ በአጭሩ አነሳቸዋለሁ።

ከየት ሆኜ እንደምሰማ ማወቁ ለአንባቢ ይጠቅመዋል። በልጅነቴ ጎጃም ዜማ ቤት ገብቼ ጾመ ድጓ ተምሬአለሁ። አሁን ፓሪስ ውስጥ ባንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እዚሁ ከተማ ማኅሌት እቆማለሁ። ስለዚህ ማንም ሰው ሲዘፍን አስቀድሜ የማዳምጠው ቃሉን እንዴት እንደያዘው ነው። ድምፁ ያማረ ሰው ሞልቷል። ቃሉን ሳይጎዳ ዜማውን የሚያወጣ ግን በእኛም አገር በሰው አገርም ጥቂት ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ «ሜሎዲ» ይሉታል። አንድ ድምፅ፣ አንድ ፒያኖ፣ እና ቀደም ብሎ በመጽሐፍ ታትሞ የተነበበ ግጥም። በርሊዮዝ፣ ጉኖ፣ ፎሬ፣ ደቡሲ፣ ራቬል፣ ፑለንክ ሁሉም ጽፈውታል። በእኛ ዘንድ አዝማሪው ግጥሙን ሲያወጣ ዜማው አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱም ካንድ አፍ ነው የሚወጡት። እዚህ ግን ገጣሚው ለዓይንና ለልብ ብሎ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ሙዚቀኛው ኋላ መጥቶ ያነሣዋል። አንዳንዴ የሚመጣው ገጣሚው ካለፈ በኋላ ነው። ቦድሌር የሞተው በ1867 ሲሆን ዱፓርክ «የጉዞ ግብዣ»ን የጻፈው በ1870 ነው። ግጥሙ ላይ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ገጣሚውን ሳያስፈቅድ ነው። እንደማሳየው አንድ ትልቅ ነገርም አድርጓል።

ዱፓርክ በ1848 ፓሪስ ተወለደ፤ መምህሩ ሴዛር ፍራንክ ነበር። ይህን ዘፈን ሲጽፍ ገና 22 ዓመቱ ነው፤ ዓመቱም ፈረንሳይ ከፕሩስያ ጋር ጦርነት የገጠመችበት ነው። ዘፈኑን ለሚስቱ አበረከተላት። ከዚያ በ1885፣ በ37 ዓመቱ፣ የነርቭ ሕመም ጠናበትና ድርሰት ተወ። የጻፈውንም አብዛኛውን በገዛ እጁ አጠፋው፤ የጀመረው ኦፔራ ሳይቀር ጠፋ። በመጨረሻው ዘመኑ ዓይኑም ታወረ። እስከ 1933 ድረስ በሕይወት ነበረ፤ ወደ 48 ዓመት ገደማ አንድም አዲስ ዘፈን ሳይጽፍ ኖረ ማለት ነው። ለዓለም የተረፉት ዘፈኖቹ ሃያ እንኳ አይሞሉም፤ ስሙ ግን በእነሱ ብቻ እስከ ዛሬ ቆሞ አለ። የሚጽፈውን ሁሉ በጥርጣሬ ያይ የነበረ ሰው ይህችን ዘፈን ከእሳት አተረፋት፤ እኔ ስሰማት ይህን አልረሳም።

አሁን ወደ ግጥሙ። ቦድሌር በ1855 በመጽሔት አወጣው፤ በ1857 «የክፋት አበቦች» በተባለው መድበሉ ውስጥ ገባ። መድበሉ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ቀርቦ ስድስት ግጥሞች ታገዱበት፤ ይህኛው ከታገዱት ውስጥ የለም። ግጥሙ ሦስት አንጓ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንጓ በኋላ ያው አዝማች ይመለሳል። የስንኙ አመታት ለአማርኛ ግጥም ጆሮ ያለውን ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ሁለት ስንኝ አምስት አምስት ቀለም (የቃል ክፍለ ድምፅ) ይሆንና ሦስተኛው ሰባት ይሆናል። አምስት አምስቱን ስሰማ ጆሮዬ ወደ ሰንጎ መገን ይሄዳል፤ ባለ ሰባቱ ሲመጣ ግን መሬቱ ትንሽ ከእግሬ ሥር ይሸሻል። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። መርከብ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው መወዛወዝ ገና ዜማ ሳይገባበት ግጥሙ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው አንጓ ሐሳብ፣ በእኔ አማርኛ፣ ይህን ይመስላል፦ «ልጄ፣ እኅቴ፣ እስቲ አስቢው፤ እዚያ ሄደን አብረን ብንኖር እንዴት ይጣፍጣል! እንዳሻን ብንዋደድ፣ ተዋደንም ብንሞት፣ አንቺን በሚመስል አገር። የዚያ የደፈረሰ ሰማይ እርጥብ ፀሐዮች ልቤን በምሥጢር ይስቡታል፤ በእንባ ውስጥ እንደሚያበሩት እንደ ከዳተኞቹ ዓይኖችሽ።» አዝማቹ ደግሞ፦ «እዚያ ሁሉም ሥርዓትና ውበት ነው፤ ምቾት፣ ጸጥታ፣ ፍስሐ።»

«ከዳተኞቹ» የሚለው ላይ ቆም በሉ። ሰውየው የሚጋብዛት ሴት ታማኝ እንዳልሆነች ያውቃል። የምታለቅስም እሷ ናት። ያም ሆኖ አገሩ እሷን ይመስላል ይላል፤ የሚናፍቀውም ያንኑ አገር ነው። ብዙ ዘፋኞች ይህን ግጥም የጫጉላ ጉዞ ማስታወቂያ ያስመስሉታል። ሱዜ እንዲህ አያደርግም፤ «ከዳተኞቹ ዓይኖችሽ» ላይ ሲደርስ ድምፁን ሳያጠነክር፣ ሳይወቅስ፣ ትንሽ ያቀዘቅዘዋል። ያን ቦታ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚወቅስ ሰው ድምፅ የለበትም፤ እያወቀ የሚወድ ሰው ድምፅ ነው።

ዱፓርክ ያደረገው ትልቅ ነገር መካከለኛውን አንጓ ሙሉ በሙሉ መተው ነው። ያ አንጓ የሚኖሩበትን ክፍል የሚያሳይ ነው። ዘመን ያወለወላቸው የቤት ዕቃዎች፣ ሽታቸው ከአምበር ጋር የተቀላቀለ ብርቅ አበቦች፣ ያጌጠ ጣሪያ፣ ጥልቅ መስታወቶች፣ የምሥራቅ አገር ግርማ፤ ሁሉም ለነፍስ በምሥጢር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ያወሯታል ይላል ገጣሚው። እጅግ ውብ አንጓ ነው። ግጥሙን ለሚያነብ ሰው የምመክረው ሦስቱንም እንዲያነብ ነው።

ለዘፈኑ ግን ዱፓርክ ልክ ነው እላለሁ፤ የዚህ ግምገማ ዋና ነገሬም ይኸው ነው። ክፍሉ ሲገባ ተጓዦቹ ደርሰዋል ማለት ነው። ወንበሩን አየነው፣ መስታወቱን አየነው፣ ሽታውም ሸተተን፤ ከዚያ በኋላ «እዚያ» የሚለው ቃል «እዚህ» ይሆናል። ክፍሉ ሲወጣ ግን የሚቀረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ እንባ ያዘሉ ዓይኖች፣ ከዚያ ቦዩ ላይ ያንቀላፉ መርከቦች። መርከቦቹ የአንቺን ትንሿን ፍላጎት ሊፈጽሙ ከዓለም ዳር መጥተዋል ይላል ግጥሙ። መጥተዋል፤ ቆመዋል፤ ተኝተዋል። ማንም ሲሳፈር አናይም። ግብዣው ግብዣ እንደሆነ ይቀራል። አዝማቹ ሁለት ጊዜ «እዚያ» ሲል፣ ሁለቴም ያንን ቦታ ገና ከሩቅ ነው የምናየው። የ22 ዓመት ልጅ ከአንድ ታላቅ ገጣሚ ግጥም ላይ ከሁሉ ያማረ ሊባል የሚችለውን አንጓ መቁረጡ ድፍረት ነው፤ ግጥሙን ጠንቅቆ ያነበበ ሰው ድፍረት።

በነገራችን ላይ ሻብሪዬ የተባለው ሙዚቀኛም ይህንኑ ግጥም በዚያው በ1870 ዜማ አውጥቶለታል፤ ከፒያኖው ሌላ ባሱን የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ጨምሮበታል። ሰምቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ፒያኖው ላይ ምን እንደሚደረግ ለመረዳት አንድ ነገር ሞከርኩ። ሴት ልጄ ፒያኖ ትማራለች። ለከፍተኛ ድምፅ የተጻፈውን ኖታ አትሜ ሰጠኋትና የግራ እጁን ብቻ እንድትመታልኝ ለመንኳት። ዶ እና ሶል ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተይዘው። ኖታው ላይ ምቱን የሚከፍለው መስመር ያልፋል፤ አሁንም ዶ እና ሶል። «አባዬ፣ ይኼ ብቻ ነው?» አለችኝ። በመካከላቸው ምንም የለም፤ ደስታ ወይም ኀዘን የሚያደርገው ሦስተኛው ድምፅ ወጥቷል። ባዶ ቤት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀኝ እጁን ስትጨምርበት ክፍሉ ውስጥ ውሃ የገባ መሰለኝ፤ ቀኝ እጅ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) ከፍሎ ሳያቋርጥ እየመላለሰ ያወዛውዘዋል። ከላይ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ ከታች ግን ግራው ከቦታው አይነሣም። ስለ መሄድ የሚያወራ ዘፈን መሠረቱ የቆመ ነው። ዜማውን በጆሮዬ ብቻ ስሰማው ይህን አልለየሁትም ነበር፤ የልጄን ግራ እጅ ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

ባልድዊን ይህንን በደንብ ያውቃል። ቀኝ እጁን የሚጫወተው በጣም ሳይደምቅ፣ እኩል አድርጎ ነው፤ ግራውን ደግሞ ይተወዋል፤ እስኪጠፋ ድረስ ይጮኻል እንጂ በየመስመሩ እንደ አዲስ አይመታውም የሚያስብል አነካክ አለው። «የደፈረሰው ሰማይ» ላይ ሲደርሱ ኮርዶቹ ይጠቁራሉ፤ ያን ጊዜም ፍጥነቱን አይለውጥም። ባልድዊን አሜሪካዊ ነው፤ ከሱዜ ጋር ለብዙ ዘመን አብረው ሠርተዋል፤ ያ አብሮነት እዚህ ይሰማል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ፒያኖው አይጠብቀውም፤ አይቀድመውምም።

አዝማቹን ላውራ። እስከዚያ ሲወዛወዝ የነበረው ፒያኖ ድንገት ይቆማል፤ ኮርዱን ይይዝና ዝም ይላል። ድምፁም ዜማ ማውጣቱን ይተዋል ማለት ይቻላል፤ ቃላቱን ከሞላ ጎደል ባንድ ድምፅ ላይ ይናገራቸዋል። ሌላ ሙዚቀኛ ቢሆን «ውበት» እና «ፍስሐ» የሚሉት ላይ ከፍ ብሎ ይወጣ፣ ያስጨበጭብ ነበር። ዱፓርክ ተቃራኒውን መረጠ። እኔ ስሰማው ማለዳ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው የሚታየኝ፤ ቃሉን የሚለው ሌላ ሰው እንዲሰማለት ብሎ አይደለም። ሱዜ እዚህ ላይ ያለው ችሎታ ልክ የለውም። አምስቱን ነገሮች አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል፤ ሥርዓት፣ ውበት፣ ምቾት፣ ጸጥታ፣ ፍስሐ። አንዱንም አያስበልጥም። የመጨረሻዋን ቃል ብዙ ዘፋኝ ያቀልጣታል፤ እሱ እንደ ሌሎቹ ልክ ሰጥቷት ያልፋል።

ለአማርኛ ሰሚ የምነግረው ሌላም ነገር አለ። በፈረንሳይኛ ንግግር የማይሰሙ የመጨረሻ ድምፆች አሉ፤ በዘፈን ጊዜ ግን የራሳቸው ኖታ ይሰጣቸዋል። እኛም ሳድሱን ሆሄ ስናወራ ውጠነው ስናዜም እንዘረጋዋለን። ይህ ትንሽ ድምፅ የዘፋኝ መፈተኛ ነው። ካጠነከረው ቃሉ ይበላሻል፤ ከዋጠው ስንኙ ይጎድላል። በዚህ ግጥም ውስጥ ባለ ሰባት ቀለሙ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ባለ ድምፅ ነው። ሱዜ «አብረን» እና «የሚመስልሽ» የሚሉት ስንኞች መጨረሻ ላይ ያችን ድምፅ አስቀምጧት ይሄዳል፤ ትሰማለች፣ ትጠፋለች። ለቃል የተጨነቀ አስተማሪ እጅ ያለፈ ሰው መሆኑ እዚህ ይታወቃል። መምህሩ ከፑለንክ ጋር ብዙ የሠራው ፒየር በርናክ ነበር።

የዘፈኑ ሁለተኛ አንጓ (የግጥሙ ሦስተኛ) በመጀመሪያው ዜማ ይጀምራል፤ «እዪ፣ እነዚያ ቦዮች ላይ መርከቦቹ ተኝተዋል።» ከዚያ «የምትጠልቀው ፀሐይ» ጋ ሲደርስ ሁሉም ይለወጣል። ምቱ ከ6/8 ወደ 9/8 ይሰፋል፣ በየመስመሩ ከስድስት ወደ ዘጠኝ አጭር ምት ማለት ነው፤ ኀዘን ያለበት ማይነር ደስታ ወዳለበት ሜጀር ይዞራል፤ ፒያኖው ኮርዱን በታትኖ ከታች ወደ ላይ ማፍሰስ ይጀምራል። ሜዳው፣ ቦዮቹ፣ ከተማው በሙሉ ሐምራዊና ወርቅ ይለብሳሉ፤ ዓለም በሞቀ ብርሃን ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቃሉ ስለ መተኛት ያወራል፤ ፒያኖው ግን ከዘፈኑ ሁሉ ይበልጥ ነቅቶ የሚንቀሳቀሰው እዚህ ነው። አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣም የፊተኛው ዝምታ የለም፤ ቃላቱ በሚፈሰው ፒያኖ ላይ ነው የሚቀመጡት። መርከቦቹ ተኝተው ቦታው ራሱ የሚሄድ ይመስላል። መካከለኛው አንጓ ቢኖር ኖሮ ይህ ለውጥ እንዲህ አይመታም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አዝማቹን ሦስት ጊዜ የሰማ ጆሮ ይለምደዋል።

ይህች ዘፈን ላይ ሱዜን የምነቅፍበት አንድ ነገር ብቻ አለኝ። «ከዓለም ዳር መጥተዋል» በሚለው ቦታ ድምፁን ለማሳመር ትንሽ ይጠቀልለዋል፤ ቃሉ ይለሰልስበታል። ከዓለም ዳር የመጣ መርከብ ሸካራ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሻርል ፓንዜራ ይበልጠዋል። ፓንዜራ ጄኔቫ የተወለደ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ነው፤ በ1930ዎቹ ይህንን ዘፈን ከፒያኖ ተጫዋቿ ባለቤቱ ጋር ቀርጾታል። ሮላን ባርት የተባለው ጸሐፊ ከእሱ ዘፈን ተምሮ ኋላ ስለ ድምፁ ጽፏል። የፓንዜራ «ር» ድሮ እንደሚባለው የምትንከባለል ናት፤ ቃሉ አጥንት አለው። ቅጂው ግን ይንጫጫል፣ ፒያኖውም ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ያ የግራ እጅ ባዶነት ጫጫታው ውስጥ ይሰጥማል። ሁለቱን ማግኘት የሚችል ሁለቱንም ይስማ። አንድ ብቻ ከሆነ ለፒያኖው ሲባል የሱዜን ይያዝ።

ኦርኬስትራ የሚወድ ሰው ካለ፣ ዱፓርክ ራሱ ይህችን ዘፈን ለኦርኬስትራ አዘጋጅቷታል። በሚገባ የተሠራ ነው፤ ትልቅ ድምፅ ያላቸው ሴት ዘፋኞች በእሱ ሲዘፍኑት አዳራሹን ይሞላሉ። እኔ ግን ወደ ፒያኖው እመለሳለሁ። የክር መሣሪያዎቹ ሁሉንም ቦታ ይሞሉታል፤ ያ በሁለት ቁልፍ መካከል የነበረው ክፍተት ይደፈናል። አዝማቹም ከሃምሳ ሰው ፊት ሲባል ለአንዲት ሴት የተነገረ ምሥጢር መሆኑ ይቀራል።

የቀሩት ዘፈኖች። «ሻንሶን ትሪስት» የዱፓርክ የ20 ዓመት ሥራ ነው፤ ሱዜ በትክክል ይዘፍነዋል፣ ሰው የሚወደውም እሱን ነው። «ኤክስታዝ» በጣም ቀስ ያለ ነው፤ ሲደክመኝ አልሰማውም፣ ያንቀላፋኛል፤ ሲነጋ ከሥራ ወጥቼ ስሰማው ግን ሌላ ነው። «ፊዲሌ» ላይ ሁለቱ አስደናቂ ናቸው፤ ከእንቅልፍ ተነሥቶ ወደ ታላቅ ጩኸት የሚወጣ ዘፈን ነው፤ ባልድዊን መጨረሻውን ሳያጣድፍ ይገነባዋል። «የሮዝሞንድ ግንብ» ግን አልተመቸኝም። ያ ዘፈን የተነከሰ ሰው ጩኸት ነው፤ ፈረስ ይጋልብበታል፤ ሱዜ ግን ጨዋ ሆኖበታል፤ ልብሱ ሳይቆሽሽ ይደርሳል። የቦድሌር ሌላው ግጥም «ላ ቪ አንቴሪየር» («ያለፈው ሕይወት») ዱፓርክ ከማቆሙ በፊት፣ በ1884፣ የጻፈው ነው። እሱን ከ«የጉዞ ግብዣ» ቀጥላችሁ ስሙት። በመካከላቸው 14 ዓመት አለ። የመጀመሪያው «እንሂድ» ይላል፤ ሁለተኛው «እዚያ ኖሬ ነበር» ብሎ ይጀምርና በሚያሰቃይ ምሥጢር ያበቃል፤ ከዚያ ፒያኖው ብቻውን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዱፓርክ ብዙ አልጻፈም። ሁለቱን አከታትዬ ስሰማ ከወንበሬ ለመነሣት ጊዜ ይፈጅብኛል።

ስለ ግዢው። ከኢንተርኔት ሻጭ ነው የገዛሁት፤ «እንደ አዲስ» ብሎ ነበር የጻፈው። ሲዲው ንጹሕ ነው፣ አይዘልም፤ ነገር ግን የግጥሞቹ ቡክሌት ውስጡ አልነበረም። እንዲህ ያለ ዘፈን ያለ ግጥሙ መሸጥ ሰውን ግማሽ ነገር መስጠት ነው። ስትገዙ ቡክሌቱ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፎቶውን አስልኩ።

የድምፁ ጥራት ለዘመኑ በጣም ጥሩ ነው፤ ፒያኖውና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ይሰማል። ነገር ግን ጸጥ ያለው ቦታ በጣም ጸጥ ያለ ነው። ሜትሮ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሞክሬው አዝማቹ ሙሉ በሙሉ ጠፋብኝ። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እንግዳ ሁሉ ሲተኛ በትንሽ ድምፅ ከፍቼ ስሰማው ነው ያገኘሁት። አንድ ሌሊት ዘግይቶ የገባ እንግዳ ቁልፉን ተቀብሎ ሳይሄድ ቆመና እስኪያልቅ ሰማ፤ የዘፈኑን ስም ጠየቀኝ፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት።

ለማን ይሆናል? ፈረንሳይኛ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ የአነጋገር አስተማሪ አላውቅም፤ ቃሉ ሁሉ ይለያል። ግጥም ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ሙዚቀኛ ከግጥም ላይ ምን ማንሣት፣ ምን መተው እንደሚችል ያይበታል። ለጭፈራ ወይም ለመኪና መንገድ ሙዚቃ የሚፈልግ አይግዛው፤ ለዚያ አልተሠራም።

ፈረንሳይኛ የማይችል ሰውም አይፍራ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ግጥሙን ሦስቱንም አንጓ ትርጉሙን ይዤ አነባለሁ፤ ቀጥሎ ዘፈኑን ዓይኔን ገጹ ላይ አድርጌ እሰማለሁ፤ ሁለተኛው አንጓ ሲዘለል ጣቴ እንዴት ገጹ ላይ እንደምትዘል አያለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ አንድ ጊዜ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ሲዲ ማግኘት ቢያስቸግራችሁ ይኸው ቅጂ በኢንተርኔት ማዳመጫዎች ላይ በሱዜና በዱፓርክ ስም ተፈልጎ ይገኛል። የቦድሌር ግጥምም የዱፓርክ ኖታም የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈ ስለሆነ ሁለቱንም በነፃ አውርዶ ማተም ይቻላል፤ ኖታው ለከፍተኛና ለዝቅተኛ ድምፅ ለየብቻ አለ፣ ለድምፃችሁ የሚሆነውን አይታችሁ ምረጡ።